አንዷን መልሰህ ውጣ

ጥቅምት 4

ዛሬ ሠላሳ ስምንት ቆጣሪ አነበብኩ። ሞንጎሊያ ውሻ ለቀቁብኝ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ነው የተረፍኩት…

ለምን ሞንጎሊያ እንደምለው ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ በሥራ መስመሬ ላይ ያለውን በር ሁሉ በአገር ሰይሜዋለሁ። አረንጓዴው የብረት በር ሞንጎሊያ ነው። ቀጥሎ ያለው ፎቅ ካዛክስታን። ማዕዘኑ ላይ ያለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ሁለት በር ስላለው ቦሊቪያ አልኩት፤ እሷም መንግሥቷን ለሁለት ከተማ ነው ያካፈለችው፣ ለሱክሬና ለላ ፓዝ። የቆጣሪውን ክዳን እከፍታለሁ፣ ቁጥሩን እመዘግባለሁ፣ ዋና ከተማዋን እጠራለሁ፣ እዘጋለሁ። ዛሬ ጉድጓዱ ላይ አጎንብሼ “ኡላንባታር” ስል የቤቱ ባለቤት ሰማችኝ። ተበላሽቷል እንዴ አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ጥቅምት 6

ለፈተናው ተመዘገብኩ። ሦስተኛዬ ነው። የውጭ ግንኙነት መሥሪያ ቤት፣ ጀማሪ ሠራተኛ። ማስታወቂያው “ዕድሜው ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላ” ይላል። እኔ ሚያዝያ ላይ ይሞላኛል። ስለዚህ የመጨረሻዬ ናት። ይቺ ካመለጠችኝ ዓለምን የማያት በቆጣሪ ክዳን ሥር ብቻ ነው።

ሒሳቡም ቋንቋውም አያስፈራኝም። ሁለቴ የጣለኝ ወቅታዊ ጉዳይና የዓለም ጂኦግራፊ የሚሉት ነው። መቶ ጥያቄ፣ ማለፊያው ሰባ። አምና ስልሳ አንድ አመጣሁ።

ለታላቅ እህቴ ለእታለም ነገርኳት። ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ ሳትል “መጽሐፉን አምጣው” አለች።

ጥቅምት 9

እንዲህ ነው የምናጠናው። እሷ መኪናዋ ላይ፣ እኔ ከጨርቅ ክምሩ ጎን በርጩማ ላይ። መጽሐፉ እሷ ጉልበት ላይ። ስትጠይቀኝ ፔዳሉን ታቆማለች፤ ልክ ከመለስኩ ትረግጠዋለች። ከተሳሳትኩ መኪናው ዝም እንዳለ ይቆያል። እንዴት ያለ ዝምታ መሰለህ… ከዚያ “ድገም” ትላለች።

የተሳሳትኩትን በስፌት ጠመኔዋ ትጽፈዋለች፣ እጇ ሥር ያለው ጨርቅ ውስጠኛ ገጽ ላይ። የማንም ሱሪ ይሁን የማንም ቀሚስ ግድ የላትም። ልብሱ ሲያልቅ በብሩሽ አራግፋ ታጠፋዋለች። ዛሬ የአንድ ጠበቃ ሱሪ ውስጥ ሆርሙዝ፣ ማላካ፣ ቦስፎረስ ተጽፎ ነበር። የባሕር መተላለፊያዎቹ አልያዝ ብለውኛል። ጠበቃው ይሄን ሁሉ ባሕር ለብሶ ችሎት ቢቆም… ሳቅን።

ጠዋት ስወጣ ደግሞ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። “አንዷን መልሰህ ውጣ።” ሳልመልስ አታሳልፈኝም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ዛሬም ማሙሽ ነው የምትለኝ።

ጥቅምት 17

የፀጥታው ምክር ቤት። አምስት ቋሚ፣ አሥር ተለዋጭ፣ ተለዋጮቹ ለሁለት ዓመት። ገባችልኝ። አሁን በእንቅልፌም ብትጠይቀኝ እመልሳለሁ።

ጥቅምት 25

የሸሚዜ ቁልፍ ተበጥሶ ነበር። እሷ ስለሌለች የቁልፍ ቆርቆሮዋን ዘርግፌ ተመሳሳይ ስፈልግ ከሥር አንድ የታጠፈ ካርድ አገኘሁ። የስምንተኛ ክፍል ውጤቷ ነው። ጂኦግራፊ ዘጠና ስድስት። ደረጃ አንደኛ።

ከዚያ ወዲያ ካርድ የለም። እናታችን የሞተችው በዚያው ክረምት ነው። አባታችን ቀድሞ ሄዷል። እሷ አሥራ አራት፣ እኔ አንድ ዓመት ከምናምን። እታለም በእናታችን የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች፣ እስከ ዛሬ አልተነሳችም። ይሄን ሁሉ እኮ አውቃለሁ። ድሮም አውቀዋለሁ። ዘጠና ስድስቷን ግን አላውቅም ነበር።

ካርዱን መልሼ ከሥር ቀበርኩት። አየሁት ብዬ ምን እላታለሁ?

ኅዳር 3

ሬዲዮዋ ከነጋ ጀምሮ አይዘጋም። ዜናው፣ ትንታኔው፣ ዜናው ተመልሶ… ስንት ዓመት ሲጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬው ኖሬ፣ ለካ እሷ አንድም አላመለጣትም።

ዛሬ መጽሐፉን ሳትከፍት ጠየቀችኝ። ራሳቸው ባሕር የሌላቸው፣ ጎረቤቶቻቸውም በሙሉ ባሕር የሌላቸው አገሮች እነማን ናቸው? አላውቅም አልኳት። ሊችተንስታይንና ኡዝቤኪስታን አለች። “ምስኪኖች” ብላ ጨመረችላቸው። ሊችተንስታይን እኮ ሀብታም ናት አልኳት።

“ቢሆንም” አለችኝ። “በማን በር ትወጣለች?”

ኅዳር 12

ምነው ዛሬ ባልነጋ… መጻፍ አለብኝ።

ረጅሙ መጥቶ ነበር። የቢሮ ጓደኛዬ ነው፣ እሱም ይፈተናል፤ የምናጠናበትን መጽሐፍ አባዝቶ የሰጠኝም እሱ ነው። አብረን እናጥና አለ። እታለም ስትጠይቅ ተራ በተራ መለስን። ሦስት ጊዜ አረመችው። አራተኛው ላይ እየሳቀ “ለምን እህትህ አትፈተንልህም?” አለ። ቀልዱን ነው። እሷም ሳቀች። እኔን ግን ቆረቆረኝ። ለምን ቆረቆረኝ? እውነት ስለሆነ ነዋ።

ከዚያ ቡሩንዲ መጣች። ቡጁምቡራ አልኩ። መኪናው ዝም አለ።

ጊቴጋ ነው አለች። መጽሐፉን ነጥቄ አሳየኋት፤ ቡጁምቡራ ይላል። መጽሐፉ አርጅቷል፣ ዋና ከተማው ከተዛወረ ቆይቷል፣ በሬዲዮ ሰምቻለሁ አለች። ረጅሙ ደግሞ ፈታኞቹ ጥያቄ የሚያወጡት ከዚሁ መጽሐፍ ነው አለ። እሷ አለቀቀችም። እኔም አልለቀቅኩም። ረጅሙ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል።

“ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው መጽሐፍ አያርምም” አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ።

መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ዘጋችውና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ሻይ ልቅዳላችሁ ብላ ተነሳች። ረጅሙ ሻዩን ሳይጨርስ ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ። በእረፍቱ ቀን የምን ሥራ?

ኅዳር 13

ደጃፉ ላይ አልነበረችም።

ኅዳር 16

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እሰማ ነበር። አሁን ገባኝ።

ሸሚዜ ተተኩሶ ይጠብቀኛል። ምሳዬ ተቋጥሮ ጠረጴዛው ላይ ነው። ደህና ዋል ትለኛለች፣ ደህና ገባህ ትለኛለች። የጎደለ ነገር የለም። ጥያቄው ብቻ ነው የቆመው። በሩን ስሻገር የሚይዘኝ የለም፤ እንደፈለግኩ እወጣለሁ። ብትሰድበኝ እኮ ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ “ክር አለቀብሽ?” አልኳት። ሁለተኛ ጊዜ “ዛሬ ይበርዳል” አልኩ። እንዲህ ያለ ይቅርታ አለ?

ኅዳር 21

ብርቱካን ይዤላት ገባሁ። “አመሰግናለሁ” አለችኝ። እኛ ቤት አመሰግናለሁ የሚባለው ለባዕድ ሰው ነው።

ኅዳር 28

ብቻዬን አጠናለሁ። ጠያቂም እኔ፣ መላሽም እኔ፣ አራሚም እኔ። ስሳሳት የሚቆም መኪና የለም። ከማዶ ክፍል ድምፁ ይሰማኛል፣ አይቆምም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል… የሚገርመው፣ ጥያቄውን በእሷ ድምፅ ካላሰብኩት መልሱ አይመጣልኝም።

ባለ ቡኒ ኮቷ ደንበኛ ዛሬ መጥታ ኮቷን ወሰደች። መነጽር የምታደርገው፣ ገበሩን ያስቀየረችው። ኮቱን ስታስረክብ እታለም እጇ ላይ ጠመኔ ነበረባት። ለማን ነው የምትጽፈው አሁን? ብዬ አሰብኩ።

ታኅሣሥ 5

መንገድ ላይ ሁሉንም አገር ጠራኋቸው። ከሠላሳ ስምንቱ አራት ሳትኩ። ቦሊቪያ አጥር ላይ “የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች ምዝገባ” የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። አንብቤ አለፍኩ።

ታኅሣሥ 12

ተፈተንኩ።

ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከወር በኋላ። ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ቆምኩ፤ ሁሉንም አውቅ ነበር፣ የፈለገችውን ብትጠይቀኝ… “እስክሪብቶ ይዘሃል?” አለችኝ። ይዣለሁ አልኳት። “በል ይቅናህ።” ኮሌታዬን አስተካክላልኝ ገባች።

ፈተናው መጀመሪያ ላይ እንደ ውሃ ነው የወረደልኝ። ሆርሙዝ ወጣ። ተለዋጭ አባላቱ ለስንት ዓመት ነው የሚለው ወጣ። ሁለት ጊዜ ባሕር የራቃቸውም ወጡ፤ “ምስኪኖች” ብዬ አጠቆርኩላቸው።

ጥያቄ አርባ አንድ። የቡሩንዲ ዋና ከተማ። ሀ ቡጁምቡራ፣ ለ ጊቴጋ፣ ሐ ኪጋሊ፣ መ ዶዶማ።

እጄ ለ ላይ ደርሶ ነበር። ድምፅዋን ሰማሁት። መኪናው ዝም ሲልም ሰማሁት። ከዚያ… ለ ልክ ከሆነ እኔ ምን ልሆን ነው? ያን ቃል የተናገርኳት ልክ ሆና ሳለ ነው ማለት ነው። ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ጥፋቴ ትንሽ ይቀልልኝ ነበር። እንድትሳሳት ፈለግኩ። እህቴ እንድትሳሳት ፈልጌ ሀን አጠቆርኩ።

ሰው እንዲህ ያደርጋል? እኔ አደረግኩ።

ታኅሣሥ 19

እታለም ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር። በር ተንኳኳ። ባለ ቡኒ ኮቷ ሴትዮ ናት። ስፌቱ ተተርትሮባት ይሆናል ብዬ ገና ሳላስገባት ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። ይቅርታ ለባዕድ እንዴት ይቀላል…

ኮቷን አውልቃ ገለበጠችው። ገበሩ ላይ፣ በብብቱ በኩል፣ በነጭ ጠመኔ። ጽሕፈቱ የእታለም ነው።

“ጊቴጋ። ቡጁምቡራ ድሮ።”

ከሥሩ ደግሞ፣ አነስ ብሎ፣ “ስምንተኛ ክፍል።” አንዴ ብቻ አይደለም። ሦስት ጊዜ። የተሳሳተ ሰው እንደሚደግመው።

ማራገፍ ረስታዋለች። በዚህ ሁሉ የስፌት ዘመኗ አንድ ቀን ረስታ አታውቅም።

ሴትዮዋ ለወቀሳ አልመጣችም። የጎልማሶች ትምህርት ቤቱ መምህርት ናት። ከቦሊቪያ። ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፣ ግማሾቹ ተማሪዎቼ እስካሁን ቡጁምቡራ ብለው ነው የሚጽፉት፣ ይሄን ማን እንደጻፈው ለማወቅ ነው የመጣሁት አለችኝ።

“ልክ ነው እንዴ?” አልኳት።

“ልክ ነው እንጂ። ቡጁምቡራ የንግዱ ከተማ ሆና ቀረች። ዓመታት አለፉት።” ከዚያ ጣቷን ወደ ታች ወሰደችው። “ይሄ ስምንተኛ ክፍል የሚለውስ ምንድነው?”

መሬት መሬት አየሁ። የጻፈችው እህቴ ናት፣ ትምህርቷን ያቆመችው እዚያ ላይ ነው አልኳት። ለማን ብላ ነው ያቆመችው ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን ነገርኳት። ኅዳር ላይ ምን እንዳልኳትም ነገርኳት። ለማላውቀው ሰው፣ በር ላይ ቆሜ። ኮቷን መልሳ ስትለብስ ጽሑፉን እንዳራግፍላት ብጠይቃት ተወው አለች። “የካቲት ላይ አዲስ ዙር እንጀምራለን። ካርዷ ካለ ይዛ ትምጣ።”

ካርዷ አለ። የት እንዳለም አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 20

ነገርኳት። በርጩማዬን ሳብ አድርጌ መኪናው አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እንደ ድሮው። ቀና አላለችም።

“ፈተናው ላይ መጥታ ነበር” አልኳት።

“ማን?”

“ጊቴጋ።”

መኪናው ቆመ። “ምን ብለህ መለስክ?”

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ይሄን ዝምታ ለአንድ ወር ሙሉ ስመኘው ኖሬ፣ ሲመጣ አንገቴን አስደፋኝ። በመጨረሻ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የሴትዮዋን መምጣት፣ የካቲት ላይ ትምጣ ማለቷን፣ የጠመኔውን ጽሑፍ፣ እንድትሳሳት መፈለጌን። ያኔ ያልኩሽ ቃል… ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም።

ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። “ከእኔ ጋር ለመኳረፍ ቡሩንዲን ምን አስገባት?” አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ቀና ስል እሷ አትስቅም። እንባዋ እጇ ላይ ይወርዳል። “እኔ እኮ ስምንተኛ ክፍል መቅረቴ ቆጭቶኝ አያውቅም” አለች። “አንተ አፍ ውስጥ እስኪገባ ድረስ።”

ይቅር በዪኝ አልኳት። በቃሉ። ያለ ብርቱካን፣ ያለ ብርድ ወሬ። ብድግ ብላ ራሴን ደባበሰችኝና ሻይ ልትጥድ ሄደች።

ታኅሣሥ 21

ደጃፉ ላይ ነበረች። “የኢስዋቲኒ የቀድሞ ስም?” ስዋዚላንድ። ወጣሁ። እስከ ሞንጎሊያ ድረስ ፈገግ ብዬ ነው የሄድኩት። ውሻው ራሱ አልጮኸብኝም።

ጥር 14

ውጤት ተለጠፈ። ስልሳ ስምንት።

በቃ። አበቃ። ግድግዳው ፊት ለፊት ስንት ሰዓት እንደቆምኩ እንጃ። ረጅሙ ሰባ ሦስት አምጥቷል፤ ሊያቅፈኝ መጣ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት? ግማሹን ከልቤ።

ሁለት ነጥብ ነው ያነሰኝ። አንዷ ጊቴጋ ናት። ሌላዋ ማን እንደሆነች አላውቅም። ጊቴጋን ብመልሳትም አላልፍም ነበር… ይሄ ያጽናናል ወይስ ያናድዳል? መንገዱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ቤት ደረስኩ።

ለእታለም ስነግራት መኪናዋን አቁማ ብዙ ቆየች። “ሌላዋን እኔም ሳላስተምርህ ቀርቼ ነው” አለች። ለእኔ ጥፋት እንኳ ድርሻ ትወስዳለች። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ጥር 22

ሚያዝያ እስኪመጣ ምንም የሚጠበቅ ነገር የለኝም። ቆጣሪዎቹን ያለ ዋና ከተማ አነበብኳቸው። ዝም ያሉ በሮች ሆኑብኝ።

ማታ ከሥራ ስመለስ ካርዱን ከቆርቆሮው አውጥቼ መኪናዋ ላይ አስቀመጥኩት። አየችው። አየችኝ። “በአርባ ሰባት ዓመቴ ደብተር ይዤ? ሰው ምን ይለኛል?” አለችና ካርዱን ቁልፎቹ ሥር መለሰችው።

ጥር 25

መምህርቷ ጋ ሄጄ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ተዋስኩ። እታለም ስትሰፋ የመኪናዋን ጎማ በእጄ ያዝኩት።

ምን ሆነሃል አለችኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩላት። ሒሳብ ረስቻለሁ፣ ልቀቅ፣ ሥራ አለብኝ አለች። አልለቀቅኩም። ተቆጣች። ከዚያ እጇ ሥር ያለው ጨርቅ ላይ በጠመኔ ቁጥር ስትጽፍ አየኋት። መልሱን ነገረችኝ። ተሳስታለች።

“ድገሚ” አልኳት።

ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ደገመችው። ጎማውን ለቀቅኩላት።

የካቲት 2

ልትማር ቆርጣ ተነሳች፤ አብሬያት ሄድኩ። ከጨርቅ ቁራጭ የሰፋችውን ቦርሳ ይዛለች፤ ውስጡ ሁለት ደብተርና ካርዷ። መንገዱን ሁሉ ስታወራ ነበር፤ ስለ አንድ ደንበኛዋ እጅጌ፣ ስለ ሬዲዮው ባትሪ… ቦሊቪያ ስንደርስ ዝም አለች።

በሩ ላይ ቆመች። ሃያ ዓመት የማይሞላቸው ልጆች በአጠገባችን ያልፋሉ። ከኋላቸው ሽበታም ሰውዬ፣ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። እንመለስ ማሙሽ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ አለች። እጇ ቦርሳውን አጥብቆ ይዞታል፤ ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ነጭ አለ።

ልገፋፋት አልፈለግኩም። ልመልሳትም አልቻልኩም። አጠገቧ ቆምኩ።

ትንሽ ቆይታ “በል አንዷን ጠይቀኝ” አለች። “መልሼ ልግባ።”

ስንት አገር አለ በዓለም ላይ? ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። አንዷ ብቻ ናት አፌ ላይ የመጣችው።

“የቡሩንዲ ዋና ከተማ?” አልኳት፣ በሩን ዘግቼባት ቆሜ።

“ጊቴጋ” አለች፣ ጮክ ብላ፣ ዘበኛው ዞሮ እስኪያየን።

በሩን ለቀቅኩላት።